የሚያክ ውሻ ሳህን፦ የውሻን የቆዳ ችግር በአመጋገብ ለማስታገስ ዝርዝር መመሪያ

ውሻችን ቡላ ሁዳዴን አብሮን ይጾማል። ወዶ አይደለም። እኛ ካልበላን እሱ ከየት ያመጣል? 55 ቀን ሙሉ ሽሮ የነካው እንጀራ፣ የገብስ ቂጣ ፍርፋሪ፣ ሲቀናው የምስር ወጥ እንጥፍጣፊ ነው። አንድ ዓመት ፋሲካ ሲደርስ ጀርባው በፎሮፎር ነጥቶ፣ ታፋው ላይ ጸጉሩ ሳስቶ አየሁት። ሌሊት ሲያክ እግሩ የቆርቆሮውን በር ይደበድባል። ቤቱ ሁሉ እንቅልፍ አጣ።

አንድ ጎረቤቴ "እከክ ነው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው" አሉኝ። ቀባሁት። የሞኝ ሥራ ነበር። ውሻ የተቀባውን ይልሳል። ሁለት ቀን አስመለሰው፣ ቆዳውም ተለብልቦ ቀላ። ከዚያ በኋላ ነው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት። ሐኪሙ ቆዳውን በስለት ፋቅ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ አየና "እከክ አላገኘሁበትም። ምንድን ነው የምታበላው?" አለኝ። "እኛ የምንበላውን" አልኩት፣ ኮራ ብዬ። "እናንተስ ምን ስትበሉ ከረማችሁ?" ሲለኝ ዝም አልኩ።

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መንዝም፣ ወደ አንኮበርም ብትሄዱ የአብዛኛው ውሻ ምግብ የቤቱ ትራፊ ነው። ስለዚህ የውሻው ቆዳ የቤቱን የጾምና የፍስክ ዑደት ይከተላል። ይሄ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። በደንብ ካያችሁት ችግሩ ከየት እንደመጣ የሚጠቁም ምልክት ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምግብ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ውሻ በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ከሩብ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ለቆዳና ለጸጉር ይውላል። ፕሮቲን ሲያጥር ሰውነት ለልብና ለሌሎች ዋና ዋና ክፍሎች ያደላል፤ ጸጉር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ለዚህ ነው ውሻው ገና እየሮጠ፣ እየጮኸ፣ ጸጉሩ ቀድሞ የሚደርቀው።

ሁለተኛው ነገር ስብ ነው። የውሻ ሰውነት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን የስብ ዓይነት ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። እሱ ሲጎድል ቆዳ እርጥበቱን መያዝ ያቅተዋል። ይደርቃል፣ ይቀረፋል፣ ያሳክካል፤ ባክቴሪያም በቀላሉ ይገባበታል። ከዚያ ቆዳ የሚፈልጋቸው ዚንክ የሚባለው ማዕድንና ቫይታሚን ኤ አሉ።

ምግብ የማይችለው ደግሞ አለ። ቁንጫን አያባርርም። እከክን አያድንም። የአቧራና የሣር ብናኝ አለርጂ ያለበትን ውሻ ፈጽሞ ማሳከኩን አያስቆምለትም። ጥሩ ምግብ ማሳከኩን ሊቀንስ፣ ቁስሉ ቶሎ እንዲድን ሊያግዝ ይችላል። "ይህን አብልተህ ይድናል" የሚላችሁን ሰው በጥርጣሬ ስሙት።

አንድ ሌላ ነገር። የላይኛው ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ዛሬ ያበላችሁት እንቁላል ነገ ጀርባው ላይ አይታይም። ጸጉሩ ሞልቶ እስኪያበራ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ይሄን ሳታውቁ ከጀመራችሁ በአሥረኛው ቀን ትተዉታላችሁ።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ ተባዩን ፈልጉ

ስለ ምግብ ከማሰባችሁ በፊት ይሄ ይቅደም። ውሻውን ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ ላይ አቁሙና ጀርባውን ከጭራው ሥር ጀምራችሁ በጥርሱ ደቃቅ በሆነ ማበጠሪያ አበጥሩ። ጥቁር ብናኝ ከወደቀ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ወደ ቀይ ቡናማ ከቀለጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ማለት ነው። ካልቀለጠ ተራ አፈር ነው።

ቦታውም ይናገራል። ከወገብ በታችና ጭራው ሥር ከሆነ ቁንጫን ጠርጥሩ። የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ተቀርፎ፣ ቀን ከሌሊት ዕረፍት ካጣ፣ በተለይም ቤት ውስጥ ሰው ማሳከክ ከጀመረው እከክ ሊሆን ይችላል። ክብ ክብ ሆኖ ጸጉሩ ከተመለጠና ልጆች ላይም ተመሳሳይ ነገር ከወጣ ጭርት ነው የሚጠረጠረው። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላው በኩል ላላችሁ ደግሞ መዥገርን አትርሱ፤ ጆሮው ውስጥና ጣቶቹ መሃል እዩ።

ከነዚህ አንዱ ካለ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ለከብት የተገዛ አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት በግምት መውጋት የተለመደ ነገር ሆኗል። አታድርጉት። ለከብት የተዘጋጀው መድኃኒት ለውሻ በጣም የተከማቸ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ሲሳሳት ነርቭ ይመታል። እንደ ኮሊ ያሉ የእረኛ ዝርያዎች ደግሞ ከሌላው ውሻ ባነሰ መጠንም ይመረዛሉ። ስለ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

እርምጃ 2፦ የሚበላውን ጻፉ፣ የጾሙን ጊዜ አስታውሱ

አንድ ደብተር ያዙ። ለአንድ ሳምንት ውሻው አፍ የገባውን ሁሉ ጻፉ። ሁሉን ስል ሁሉን ነው። ልጁ የወረወረለት ዳቦ፣ ጠዋት የተረፈ ቂንጬ፣ አያት በድብቅ የሰጡት አይብ፣ ማታ ተፈትቶ ሲዞር ያገኘው። የእኛ አገር ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ማታ ይፈታል፤ ስለዚህ የማታው ሜኑ በእጃችን አይደለም። ቢሆንም ጻፉ። እኔ ስጽፍ የቡላ የሳምንት ምግብ ከአሥር እጅ ዘጠኙ እንጀራና ቂጣ ሆኖ አገኘሁት። ጤፍም ገብስም ጥሩ እህሎች ናቸው። ብቻቸውን ግን ውሻ የሚያስፈልገውን ያህል ፕሮቲንና ስብ አይሰጡም።

አሁን ወደ ጾሙ። ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የውሻው ቆዳ በሁዳዴ ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል?

በጾሙ እየከሳ፣ እየደረቀ፣ ፎሮፎሩ እየበዛ ሄዶ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ካገገመ፣ የሚጎድለው ነገር አለ ማለት ነው። ሥጋው፣ ስቡ፣ እንቁላሉ ሲመጣ ቆዳው ተመለሰ። ቡላ እንዲህ ነው።

በተቃራኒው በጾሙ ማሳከኩ ጋብ ብሎለት፣ ልክ ፋሲካ ተፈስኮ ሥጋውና ወተቱ ሲጀመር በቀናት ውስጥ ጆሮውን መነቅነቅ፣ መዳፉን መላስ ከጀመረ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ከፍስክ ምግቡ አንዱ አልተስማማውም። የምግብ አለርጂን ጠርጥሩ።

ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ፍንጭ ነው። በዚያው ሰሞን አየሩም፣ የቁንጫው ብዛትም ሊለዋወጥ ይችላል። ግን ያለ ምንም ወጪ 55 ቀን የሚቆይ ሙከራ በየዓመቱ በራሱ ጊዜ ይመጣልናል፤ ሳናየው የምናልፈው እኛ ነን። ጾሙንም ፍስኩንም ልዩነት ከሌለው፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ከሆነ፣ ከእርምጃ 4 ጀምሩና ካልተሻለው ወደ 6 እለፉ።

እርምጃ 3፦ ከሳህኑ የሚወጡት

ሽንኩርት። ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የወጣችን መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በውሻው አንድ ኪሎ ክብደት ከ15 ግራም ጀምሮ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። እንጀራው ላይ የቀረችው ቅባት በአንድ ቀን አትገድለውም። ድስት ሙሉ የተረፈ ወጥ መገልበጥ ግን ይቅር። በርበሬውም ሆድ ያቃጥላል እንጂ ምንም አይጠቅመውም።

አተላም አይሰጥ። ለከብት ይስማማ ይሆናል፤ ውሻ ግን አልኮልን መቋቋም አይችልም። ዘቢብና ቸኮላት መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ጥሬ እንቁላልም አታዘውትሩ፤ በጥሬው ነጩ ክፍል ውስጥ ያለው አቪዲን የተባለ ፕሮቲን ለቆዳ የሚያስፈልገውን ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ይይዝበታል። ቀቅሉት፣ አለቀ።

ጥሬ ሳንባና ጉበት ለብቻው መነገር አለበት። በዓል ሲሆን በጉ ይታረዳል፤ ውሻው ቢላዋው ሲሳል ጀምሮ ምራቁን እያዝረበረበ ይጠብቃል። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲታይ "ይሄ ለሰው አይሆንም" ይባልና ለውሻው ይወረወራል። ከዚህ የባሰ ስህተት የለም። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ ሰውም በግም ይይዛል። ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ዓመታት ይደበቃል። ከረጢት ያለበትን ክፍል በጥልቅ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ንጹሕ የሚመስለውንም ቢሆን 40 ደቂቃ ያህል አፍሉና ስጡ። ከቆዳው ጉዳይ ወጣሁ፤ ግን ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም።

እርምጃ 4፦ የውሻውን ድስት መጣድ

የሚከተለው መጠን 20 ኪሎ ለሚመዝን፣ ላደገ ውሻ የአንድ ቀን ምግብ ነው። የውሻችሁን ክብደት ካላወቃችሁ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀንሱ። (ቡላን ለመመዘን ሁለት ሰው ፈጅቷል።)

150 ግራም ያህል የገብስ ወይም የስንዴ ቂንጬ፤ አንድ መደበኛ የሻይ ብርጭቆ ከነጉብጉቡ ማለት ነው። አንድ እፍኝ ምስር ወይም የተከካ ባቄላ። 150 ግራም ሥጋ ወይም የሆድ ዕቃ። አንድ እንቁላል። ትንሽ ካሮት ወይም ዱባ። ሁለት የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት።

ጥራጥሬውን መጀመሪያ ጣዱ፤ ብዙ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው፤ ያልበሰለ ጥራጥሬ ሆዱን ይነፋዋል። ሲለሰልስ ቂንጬውን ጨምሩ። ሥጋውን ቆራርጣችሁ አብራችሁ አብስሉ። ካሮቱን ፈርፍራችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ጨው አያስፈልግም። ከእሳት አውርዱትና ለብ ሲል ብቻ ዘይቱንና ቅርፊቱን ቀላቅሉ። እንቁላሉን ለብቻው ቀቅላችሁ ፈርፍሩበት። ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ ስጡት።

ሥጋው ሙዳ መሆን የለበትም። ልብ፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ የጭንቅላት ሥጋ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚወድቀው ቁርጥራጭ ይሆናል። ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው፤ ለቆዳ ግሩም ነው። ግን በየቀኑ ሙሉ ሳህን አይሰጥም፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛም ይጎዳል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ የእጅ መዳፍ ግማሽ የምታህል ይበቃል።

ስለ ዘይቱ ትንሽ ልቆይ፤ ለቆዳ ዋናው እሱ ነውና። ኑግ ሀብታችን ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስቡ ያ ቀደም ብዬ ያልኳችሁ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን በዚህ በኩል ደሃ ነው፤ ያወፍራል እንጂ ቆዳውን እንደ ኑግ አያግዝም። ሱፍም ጥሩ ነው። መጠኑ ለ10 ኪሎ ክብደት አንድ የሻይ ማንኪያ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሹ ጀምሩ፤ አለበለዚያ ያስቀምጠዋል። የከረመና የሸተተ ዘይት አትስጡ።

ተልባስ? መንዝ ላይ ተልባ የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ተልባ ኦሜጋ 3 የሚባለው የስብ ዓይነት አለው፤ ነገር ግን የውሻ ሰውነት የተልባውን ኦሜጋ 3 ዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት የሚቀይረው በጣም በትንሹ ነው። ብግነትን በማብረድ የሚታወቀው ደግሞ የዓሣው ነው። ስለዚህ ተልባ የዓሣ ዘይትን አይተካም፤ ግን ከምንም ይሻላል። ተቆልቶና ተፈጭቶ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ሳይፈጭ ከሰጣችሁት እንደገባ ይወጣል።

የእንቁላል ቅርፊቱ የካልሲየም ምንጭ ነው። ሥጋና እህል ብቻ የሚበላ ውሻ ካልሲየም ያጥረዋል። ቅርፊቱን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ፍጩት። ግማሽ የሻይ ማንኪያው አንድ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። አታብዙት፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ታዩታላችሁ። ለቡችላ ደግሞ ይህን ሁሉ መጠን አትጠቀሙ፤ የቡችላ ፍላጎት ሌላ ስለሆነ ሐኪም ያማክሩበት።

አዲሱን ምግብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ከድሮው ጋር እየቀላቀላችሁ አስገቡ። መጠኑ ልክ መሆኑን የምታውቁት በጎኑ ነው፤ ጎድን አጥንቱን በእጃችሁ ስትዳስሱ መቁጠር ከቻላችሁ ግን ከሩቅ ካላያችሁት ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ደጅ የሚያድር ውሻ ለሙቀት ብቻ ብዙ ያቃጥላል፤ ያኔ ቂንጬውን ጨመር አድርጉለት።

እርምጃ 5፦ ቅርፊት ያለው ፊት፣ የዚንክ ጉዳይ

ዓይኑ ዙሪያ፣ አፉ ዙሪያ፣ ጆሮው ላይና መዳፉ ላይ ወፍራም ቅርፊት ከወጣ ዚንክ አጥሮት ሊሆን ይችላል። እህል ብቻ የሚበላ ውሻ ላይ ይህ ይከሰታል። እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ዚንኩን አስሮ ይይዝና ሳይጠቅም ያስወጣዋል። ካልሲየም ሲበዛም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው የእንቁላሉን ቅርፊት አታብዙ ያልኩት፤ አጥንት ብቻ የሚቆረጥም ውሻም እዚህ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ እንጀራ ከቂጣ ትሻላለች። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ለውሻው እህል ስትሰጡ የቦካውን ብታስቀድሙ ትርፍ ነው። ዋናው መፍትሔ ግን ሥጋ ነው። የሰውን የዚንክ ክኒን ገዝታችሁ በግምት አትስጡ፤ ሲበዛ ደሙን ይጎዳል። ሐኪም መጠኑን ይንገራችሁ።

እርምጃ 6፦ አለርጂ ሲጠረጠር፣ የስምንት ሳምንት ፈተና

ይሄ ከባዱ ነው። ትዕግሥት የሌለው ባይጀምረው ይሻላል።

የምግብ አለርጂ ዓመቱን ሙሉ ያሳክካል። መዳፍ፣ ብብት፣ ሆድ፣ ቂጥ አካባቢ፣ በተለይ ጆሮ። ጆሮው በመድኃኒት ድኖ በየጊዜው የሚመለስበት ውሻ መጠርጠር አለበት። በ2016 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ የምግብ አለርጂ የተረጋገጠባቸውን 297 ውሾች ተመልክቶ ነበር። የበሬ ሥጋ 34 በመቶውን፣ የወተት ተዋጽኦ 17 በመቶውን፣ ዶሮ 15 በመቶውን፣ ስንዴ 13 በመቶውን ያስቆጣ ሲሆን፣ በግ ግን 5 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን አንብቦ "እንግዲያው በግ እሰጠዋለሁ" የሚል ይኖራል። ቆይ! ጥናቶቹ የተሠሩት በግ እንደኛ በማይዘወተርበት አገር ነው። ሰውነት የሚቆጣው በለመደው ነገር ነው። የመንዝ ውሻ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው በግ ነው። ስለዚህ እዚህ በግን አትመኑ።

የሚያስፈልገው ውሻው በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቀው አንድ ፕሮቲንና አንድ የኃይል ምንጭ ነው። እኛ ዘንድ የሚቀለው ዓሣና ድንች ነው። ደጋው ላይ ድንች ሞልቷል፤ ዓሣ ደግሞ እዚህ ለውሻ የሚሰጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ይኸው ጠቀመን። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ ኪሎ ያህል ተልጦ የተቀቀለ ድንችና 300 ግራም እሾሁ የወጣ፣ የበሰለ ዓሣ። አረንጓዴ የሆነና የበቀለ ድንች ጣሉ። ዘይት መጨመር ከፈለጋችሁ የፋብሪካ የተጣራ የሱፍ ዘይት ይሁን፤ በባህላዊ መንገድ የተጨመቀው የእህሉን ፕሮቲን ሊይዝ ይችላል። ዓሣ ያልቻለ፣ ውሻው እንቁላል በልቶ የማያውቅ ከሆነ በእንቁላልና በድንች መሞከር ይችላል። ፍየል አይሆንም፤ ሥጋው ከበግና ከበሬ ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነቱ ሊያምታታው ይችላል።

ከዚያ ስምንት ሳምንት ሌላ ምንም ነገር የለም። ምንም! ቁራሽ ዳቦ የለም፣ ወተት የለም፣ አጥንት የለም። አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በስምንት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ። በአራተኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ ገና ነው በሉ።

ትልቁ ፈተና ማታ ነው። ተፈትቶ የሚዞር ውሻ ፈተናውን በአንድ ሌሊት ያበላሻል። ለሁለት ወር ግቢውን አጥራችሁ ውስጥ ልቀቁት፣ ወይም ማታም በረጅም ሰንሰለት ይደር። ልጆቹን ንገሯቸው። ጎረቤትም ይወቅ። ሴት አያቶችን ማሳመን ግን የራሱ ጥበብ ይፈልጋል፤ "መድኃኒት ላይ ነው" ብትሉ ይቀላል።

ከተሻለው ሥራው አላለቀም። የድሮውን ምግብ አንድ በአንድ መልሱ። ለሁለት ሳምንት የበሬ ሥጋ ብቻ ጨምሩ፤ አብዛኛው ውሻ የማይስማማው ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ማከክ ይጀምራል። ምንም ካልሆነ በሬው ነጻ ነው። ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ስንዴ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል፤ "ተሽሎት የለ፣ ምን አስቆፈረኝ" ይላል። ካልመለሳችሁት ግን ያዳነው ምግቡ ይሁን ወይስ ቁንጫው በራሱ ጠፍቶ እንደሆነ አታውቁም።

ከኛ ሰፈር አንድ መምህር ጃክ የሚባል ውሻ አላቸው። በሁዳዴ ደህና ነበር፣ ፋሲካ ሲሆን ጆሮው ይመግላል። ሁላችንም ሥጋው ነው አልን። ፈተናውን ጨርሰው በሬ ሲመልሱለት ምንም አልሆነም። ወተት በሰጡት በአራተኛው ቀን ጆሮውን መነቅነቅ ጀመረ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የሚያስቸግረው በየጠዋቱ የሚሰጡት ወተት ኖሯል። ሥጋውን ዝም ብለን ከልክለነው ቢሆን ኖሮ ያለ ጥፋቱ ይቀጣ ነበር።

እርምጃ 7፦ ጾሙን መሻገር

ጉድለት ላለበት እንደ ቡላ ላለ ውሻ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ቤቱ ሲጾም እሱ ምን ይብላ? መጀመሪያ ሥጋ ልቀቅልለት ስል እናቴ "አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ የሥጋ ሽታ ቤቴ አይገባም!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ተስማምተን ነው መፍትሔ ያገኘነው።

ለውሻው የራሱ ድስት ገዛሁ፤ ደጅ፣ በከሰል ነው የሚጣደው። እንቁላል ከነቅርፊቱ ሲቀቀል ዕቃ አያስነካም፣ አይሸትም። ሥጋውን ደግሞ ቅበላ ሳይደርስ ቋንጣ አደርገዋለሁ። ሦስት ኪሎ ስብ የሌለው ቁርጥራጭ፣ በርበሬ የለ፣ ቅመም የለ፣ ጨው የለ፣ በስስ ቆርጬ እሰቅለዋለሁ። የደብረ ብርሃን ንፋስ ቀሪውን ይሠራል። በጾሙ በየሁለት ቀኑ ትንሽ እያወጣሁ በድስቱ ቀቅዬ እሰጠዋለሁ፤ በሌላው ቀን ሁለት እንቁላል። ኑጉማ የጾምም ነው፤ እሱ አይቋረጥም።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ብርሃን ፎቶ አንሱት። ዓይን ይለምዳል፤ ፎቶ አይለምድም። ደብተሩ ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያክ በግምትም ቢሆን ጻፉ።

ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም የምትሄዱበት ጊዜ ደግሞ አለ። ቁስሉ ከሸተተ ወይም መግል ከያዘ፣ ቆዳው ጠቁሮ እንደ ዝሆን ከወፈረ፣ ጆሮው ከታመመ፣ ምግብ ካቆመ። ሳያሳክከው ጸጉሩ ግራና ቀኝ እኩል እየተመለጠ ከሄደ የሆርሞን ችግር ሊሆን ይችላል፤ ያንን ድስት አይፈታውም። ቡችላ ከሆነ ደግሞ አንድ ሳምንትም አትጠብቁ።

የቀረው የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ነው። የሚቀጥለው ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ፈልጋችሁ እዚያ ጻፉ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሥጋ ቤት የምትሄዱት ያን ቀን ነው።